የቁልቁለቱ ደፈጣ

ልጅ ሳለሁ ፈሪ ነበርኩ። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ እፈራለሁ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል፤ ሱቅ ተልኬ ሰው ከበዛ ተራዬን ለሌላው እየለቀቅኩ ቆሜ እውላለሁ። እናቴ «ትርሲት ሰው ፊት ስትቆም ውሃ ትሆናለች» ትል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጥፋቴ ማመካኛ ፈልጌ አይደለም። ጋሽ ቸርነት ሲመሽ ያወሩልን የነበረው የደፈጣ ወሬ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ እኔን ለምን እንደያዘኝ ካልተናገርኩ፣ የቀረው ነገር አይገባም ብዬ ነው።

ያኔ የምንኖረው የካ ዳገቱ ላይ ነበር። ከቤታችን ጀርባ አጥሩ ሲያልቅ የባህር ዛፉ ጫካ ይጀምራል፤ እየጠቆረ እየጠቆረ እስከ እንጦጦ አናት ይወጣል። ጋሽ ቸርነት በግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው ብዙ ዓመት ሰሜን ከርመዋል፤ እኔ ሳውቃቸው ግን መተዳደሪያቸው የመጥረቢያና የዶማ እጀታ መሥራት ነበር። ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ተቀምጠው እንጨት ሲጠርቡና ሲልጉ ይውላሉ፤ ፍቅፋቂውን ደግሞ ሲመሽ ማንደጃው ላይ ያደርጉታል። የባህር ዛፍ ፍቅፋቂ ሲነድ ጭሱ መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፣ ቆይቶ አፍንጫ ይከፍታል። እስከ ዛሬ ጉንፋን ሲይዘኝና ያንን ቅጠል ቀቅዬ ስታጠን፣ ከእንፋሎቱ ውስጥ የሚመጣው የእሳቸው ድምፅ ነው።

መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋ ነበር። ሲጠፋ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ ዳዊት፣ እና የማዕዘኑ ባለሱቅ ልጅ ሙባረክ ማንም ሳይጠራን ጋሽ ቸርነት በር ላይ እንሰበሰባለን። እሳቸው ፋኖሱን አይለኩሱትም፤ «ለወሬ ፍም ይበቃል» ይላሉ። ፍሙ ከታች ወደ ላይ ፊታቸውን ስለሚያበራው ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ቅንድባቸው ረዝሞ ይታየን ነበር። ስለ ነብር ያወሩልናል፤ ነብር ሚዳቋ ሲጠብቅ ጅራቱን እንኳ እንዴት እንደሚገዛ። ከነብሩ ተነሥተው ግን ሁልጊዜ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ፣ ከጓዶቻቸው ጋር በአንድ ጠባብ መንገድ አፋፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ወደ ዋሉበት ቀን።

አንድ ቀን ዳዊት «ጋሽ ቸርነት፣ ደፈጣ ማለት ግን ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና «አንተ እያየኸው እሱ ሳያይህ መቅረቱ ነው» አሉት። «ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ተኩሱም ቀላል ነው።»

ከዚያ ጥበቡን አንድ በአንድ ያስተምሩን ነበር። ነፋሱ ከሚመጣው ሰው ወደ አንተ እንዲነፍስ ሆነህ ተኛ። ሰውየውን ትክ ብለህ አትየው፤ ዓይን ይጠራል፤ ሰው የማያየውን ዓይን ማጅራቱ ያውቀዋል። ኮቴ ከመስማትህ በፊት ወፎቹን ስማ፤ ወፍ ዝም ካለች ሰው መጥቷል። የመጀመሪያውን አሳልፈው፤ የመጨረሻውን ያዘው። የመጨረሻው ወደ ኋላው የሚያይለት ሰው የለውም።

ወሬው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ወፎቹ ዝም ይላሉ፣ ኮቴ ይሰማል፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ሰዎቹ ብቅ ይላሉ፤ እሳቸው እዚያ ላይ አፋቸውን ይዘጋሉ።

«ከዚያስ?» ይላል ሙባረክ።

«ከዚያማ አለቀ። ሂዱ፣ እናቶቻችሁ ይፈልጓችኋል።»

ያላወሩትን እኛ አልጋችን ውስጥ ሆነን እንጨርሰው ነበር፤ ሁልጊዜም በድል። እኔ ደግሞ ከድሉ ይልቅ ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ ነበር የምወደው። ሳይታዩ ማየት! እንደ እኔ ላለች ልጅ ከዚህ የበለጠ የምሥራች አልነበረም። ጀግና ለመሆን ሰው ፊት መቆም አያስፈልግም ማለት ነው፤ ድምፅ ማውጣትም አያስፈልግም። ቅጠል ሥር መተኛትና መታገሥ ብቻ፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እችልበታለሁ።

ጨዋታው የተጀመረው በእኛው መሐል ነው። ጫካው ውስጥ አንዳችን ለሌላው እናደፍጣለን፤ የባህር ዛፍ ፍሬ እንወረውራለን። ሁለቱን ወንዶች ልጆች ሁልጊዜ እይዛቸው ስለነበር ብዙም ሳይቆይ አለቃ ሆንኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ዳዊት ዘጠኝ፣ ሙባረክ አሥር። ክፍል ውስጥ ድምፄ የማይሰማው እኔ፣ ጫካው ውስጥ በጣቴ ብቻ አዝዛቸው ነበር። ከዚያ ወደ ፍየሎች ዞርን፤ ከፍየሎች ወደ ትምህርት ቤት ተማሪዎች። አንድ ልጅ ደንግጦ ደብተሩን ጥሎ ሲሮጥ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ቀን ጥቂት የሚበልጥ ነገር ይፈልግ ነበር። ያኔ ይህን አላስተዋልኩም፤ ዛሬ ነው የሚታየኝ።

ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በኩል ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዱ ነበር። ሸክሙ ከራሳቸው ቁመት የበለጠ ነው፤ በገመድ ደረታቸው ላይ አሥረውት ወገባቸው ለሁለት ታጥፎ ነው የሚሄዱት። ቀና ማለት አይችሉም፤ የሚያዩት የገዛ እግራቸውን ብቻ ነው። ለሚያደፍጥ ሰው ከእነሱ የሚመች ሰው የለም። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። ዳዊት እንኳ «እነሱ ትልልቅ ሰዎች አይደሉ?» ብሎኝ ነበር። «ለዚህ ነዋ» አልኩት።

ኅዳር ውስጥ ነበር፤ ቅዳሜ። መንገዱ ወደ ታች ሲታጠፍ በስተግራው ጎርፍ የሸረሸረው ቦይ አለ። ሙባረክን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ አስይዤ ከድንጋዩ ኋላ አስቀመጥኩት፤ ዳዊትን ከዛፉ ሥር፤ እኔ ራሴ መንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተኛሁ። ነፋሱን ለካሁ። አክስቴ የሠራችልኝን ቀይ ሹራብ ለብሼ ስለነበር ደረቅ ቅጠል ላዬ ላይ በተንኩበት። ብዙ ጠበቅን። ወፎቹ ዝም ሲሉ ልቤ በደስታ መታ።

አራት ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያዋ አለፈች፣ ሁለተኛዋ አለፈች፣ ሦስተኛዋም። አራተኛዋ ወደ ኋላ ቀርታለች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ ሸክሟን በትከሻዋ ሽቅብ ገፋችውና እንደገና መራመድ ጀመረች። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ሁለት ክንድ ያህል ስትቀርበኝ እጄን አነሣሁ፤ ሙባረክ ቆርቆሮውን በድንጋይ ደበደበው፤ እኔም እንደ ጅብ እየጮህኩ ፊቷ ዘልዬ ቆምኩ።

የጠበቅኩት እንደዚያ ተማሪ ጮሃ እንድትሮጥ ነበር። ሸክም ያሠረው ሰው ግን መሮጥ አይችልም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ከዳት፤ ሸክሙ ጎትቶ ቦዩ ውስጥ ጣላት፤ ክንዷ ከሥር ሆኖ ሸክሙ ከላይዋ ተጫነ። የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ጭራሮ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ከዚያ ፊቷን አየሁት። አልተቆጣችም። ያልተጎዳውን እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። «አትምቱኝ» አለች። «ቅጠሉን ውሰዱት፤ እኔ ሁለተኛ አልመጣም፤ በማርያም አትምቱኝ።» የደን ዘበኞች መስለናት ነበር። ከቁጥቋጦ ወጥቶ የሚመታት ሰው እንዳለ ታውቃለች ማለት ነው፤ ከዚህ በፊትም አግኝቷታል።

ዳዊት ማልቀስ ጀመረ። ሙባረክ ቆርቆሮውን ጥሎ ወደ ቦዩ አንድ እርምጃ ተራመደ። እኔ «ሩጡ» አልኩ። መጀመሪያ የሮጥኩትም እኔ ነኝ።

ሲመሽ መብራት ጠፋ። እኔና ዳዊት ሌላ ቦታ ብንሄድ ይታወቅብናል ብለን ጋሽ ቸርነት በር ላይ ተቀመጥን፤ ሙባረክ አልመጣም። እናቴ ከውጭ ስትገባ ፋኖሷን ይዛ ቆም አለችና «አንዲት ቅጠል የተሸከመች ሴት ቁልቁለቱ ላይ ወድቃ ተሰበረች አሉ፤ ሰፈርተኛው በቃሬዛ ወደ ቤቷ ወሰዳት። ማጅራት መቺዎች ናቸው ይላሉ፣ ልጆች ናቸው የሚልም አለ» አለች። ፍሙ ቀልቷል። ጋሽ ቸርነት ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ምስኪን» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሌላ ጊዜ «አቤት» ለማለት የሚያቅተኝ ድምፅ፣ ያን ዕለት ምንም አልሆነም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እዚያ የምትቀመጠው ብርቄ የምትባል ከላይ ከዳገቱ የምትመጣ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ በሒሳብ ጎበዝ። አንድ ብርድ ጧት ወደ ኋላ ዞራ ቀይ ሹራቤን በጣቷ ነካ አድርጋ «ሲያምር» ብላኝ ነበር። መምህራችን ስም ሲጠሩ አንዷ ልጅ «እናቷ ተሰብራ ነው የቀረችው» አለች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሴትዮዋ ስምም ልጅም አልነበራትም፤ እኔ ዘንድ የመጨረሻዋ ሴትዮ ነበረች። እትዬ አስካለ እንደሚባሉ ያን ጧት ሰማሁ።

ብርቄ በዚያ ሳምንት አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። አንድ ከሰዓት ከሱቅ ስመለስ ሽቅብ ባይ ከቁልቁለቱ ስትወርድ አየኋት። የእናቷን ገመድ ደረቷ ላይ አሥራ ቅጠል ተሸክማለች። ሸክሙ ከአዋቂዎቹ ያንስ ነበር፣ እሷ ግን ከእነሱ ይበልጥ ታጥፋለች። ከአጥሩ ኋላ ገባሁና እስክታልፍ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። በአጠገቤ ስታልፍ እግሯን አየሁት፤ የትምህርት ቤት ጫማዋን ነው ያደረገችው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጋሽ ቸርነት እንጨት ሲልጉ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። መላጋቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ ድፍረት አገኘሁና «ጋሽ ቸርነት» አልኳቸው፣ «የዚያን ጊዜ፣ የመጨረሻው ሰውዬ ምን አለ?»

መላጊያቸው ቆመ። «የቱ ሰውዬ?»

«ያደፈጣችሁበት።»

ለረጅም ጊዜ እጀታውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ቆዩ። ከዚያ በቀን፣ ያለ ጭስና ያለ ፍም፣ ሌላ ጊዜ በማላውቀው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ።

«ምንም አላለም። የመጨረሻው እሱ ነበር፤ ድርሻው የእኔ ነበር። ትንሽ ያነክስ ነበር፣ ለዚህ ነው ወደ ኋላ የቀረው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ሄጄ ገለበጥኩት። እፍኙ ውስጥ ቆሎ ይዟል። እየቆረጠመ ነበር የሚሄደው፤ አፉም ውስጥ አለ። ትርሲት፣ ፊት ለፊት የገጠመኝ ሰው ሞልቷል፤ እነሱ በሕልሜ አይመጡብኝም። ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ልሞት እችላለሁ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከእግዜሩም ከራሱም ጋር የሚነጋገርባት ጊዜ አለችው። ያ ሰውዬ ግን ወደ እኔ አልነበረም የሚመጣው። እራቱን እያሰበ ነበር የሚሄደው።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን እንደዚያ አድርገው ያወሩልን ነበር?»

«ሌላ አድርጌ ማውራት ስላልቻልኩ» አሉ። «እስከ ኮቴው ድረስ ብቻ ሳወራው ያምራል። እናንተም ስታዳምጡኝ ደስ አለኝ። ሽማግሌ ሰው የሚያዳምጠው ሲያገኝ ይሳሳታል።» ከዚያ ፊቴን አዩና «ማን ናት?» አሉኝ።

«የብርቄ እናት» አልኩ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

አልተቆጡኝም። ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ከነሙባረክ ሱቅ ስኳርና ዳቦ ገዙ፤ ዳገቱን አብረን መውጣት ጀመርን። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ። «እኔ በሩን አስከፍታለሁ። የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ። ረጅም መሆን የለበትም፤ ‹እኔ ነኝ› ማለት ይበቃል።» «እሺ» አልኳቸው። እስከዚያ ቤት ድረስ እግሬን እያየሁ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያልኩ ሄድኩ። በልቤ ስለው ቀላል ነበር።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጭቃው ከግድግዳው ረግፎ ማገሩ ይታያል። እትዬ አስካለ መደቡ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ክንዳቸውን ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮታል፤ ጣቶቻቸው አብጠው የእሳቸው አይመስሉም። ብርቄ ጉልቻው ላይ ሽሮ ታማስላለች። ስታየኝ ደነገጠች፤ ከክፍል ጓደኞቿ ያንን ቤት ያየ ሰው አልነበረም መሰለኝ።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ኧረ ለምን ተቸገራችሁ» አሉ እትዬ አስካለ ስኳሩን አይተው። እኔን አላወቁኝም። «የብርቄ ጓደኛ ናት? እሰይ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ።»

ተቀመጥን። ጋሽ ቸርነት እንዴት እንደሆኑ ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ሊጠይቃቸው የመጣን ማንኛውንም ሰው እንደሚያጫውቱት አድርገው ነገሩን። «ዘበኞቹ መስለውኝ ነበር፤ በኋላ ግን ልጆች ናቸው አሉኝ። እኔ አላምንም። አንድ ቀይ ነገር አይቻለሁ፤ ሌላ ምንም አላየሁም። ልጅ ቢሆን አንስቶኝ ይሄድ ነበር። ልጅ ሰው ወድቆ እያየ ጥሎ አይሄድም።»

ሽሮው ይንተከተካል። ጋሽ ቸርነት አላዩኝም፤ ሆን ብለው መሬት መሬት ያያሉ፣ እንዳያስጨንቁኝ። እየጠበቁኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ብርቄ ማማሰያውን ይዛ ወደ እኔ ዞረች፤ እናቷም «ልጅ ጥሎ አይሄድም» ባሉበት ፊት ያዩኛል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ጋሽ ቸርነት ጥቂት ጠበቁኝ፤ ሌላም ጥቂት። ያንን ያህል ረጅም ጊዜ ማንም ጠብቆኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አስካለ» አሉ፣ «ልጆች ናቸው። ማድፈጥን ያስተማርኳቸው ግን እኔ ነኝ። ሲመሽ እያስቀመጥኩ እንዴት እንደሚደበቁ፣ የትኛውን ሰው እንደሚይዙ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።» ጎንበስ ብለው የእትዬ አስካለን ጉልበት ሊነኩ ሲሉ፣ እሳቸው በደህና እጃቸው ከለከሏቸው።

«የማን ልጆች ናቸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ።»

እትዬ አስካለ የጋሽ ቸርነትን ሽበት አዩት። «እኔስ ይቅር ልበልዎ፣ ጋሼ» አሉ በመጨረሻ። «ኑሮ ነው ይቅር የማይለኝ።»

ስንወጣ ብርቄ እስከ በሩ ሸኘችን። ጋሽ ቸርነት ቀድመው መውረድ ጀመሩ። ብርቄ ክንዴን ያዘችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ቀይ ሹራብሽ የት አለ?» አለችኝ።

«ምን ቀይ ሹራብ? እኔ ቀይ ሹራብ የለኝም» አልኳት።

በገዛ ጣቷ የነካችውን ሹራብ ነው የለኝም ያልኳት። ዓይኔን አይታ ክንዴን ለቀቀችው። ተመልሳ ገባች። መውደቃቸውን፣ መሮጤን፣ «ምስኪን» ማለቴን ሁሉ የልጅ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍልኝ ሰው አይጠፋም። ይህችን ግን ልጅ ስለሆንኩ አይደለም ያደረግኳት። ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሹራቡን ያን ቀን መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። እናቴ ለብዙ ጊዜ ፈለገችው፤ ከገመድ ላይ ተሰርቋል ብላ አንዲት ጎረቤታችንን ጠርጥራ ሰላምታ እስከ መንፈግ ደረሰች። ለዚህም አፌን አልከፈትኩም።

ጋሽ ቸርነት አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ የፍቅፋቂና የጉርድ እንጨት ጆንያ ተሸክመው ለማገዶ እንዲሆን ያንን ዳገት ይወጡ ነበር። ጉልበታቸው ደካማ ስለነበር ሦስትና አራት ቦታ ይቀመጣሉ፤ «ላግዝዎ» እላቸዋለሁ፣ «ተይው» ይሉኛል፣ በደግ ድምፅ። መብራት መጥፋቱን አልተወም፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ፋኖሳቸውን እየለኮሱ በራቸውን ዘግተው ይቀመጡ ጀመር። ዳዊት ሄዶ ሲያንኳኳ «ወሬው አልቋል ልጄ» አሉት። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አረፉ። ለቀብራቸው ስመጣ እትዬ አስካለን ከሩቅ አየኋቸው፤ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ነበር የሚያስተካክሉት። ሌላኛው ጠምሞ ቀርቷል። ሄጄ ሰላም አላልኳቸውም።

ሙባረክን ካገኘሁት ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ከመገናኛ ወደ ወሰን የሚሠራ ሚኒባስ ይነዳል፤ ሳላውቀው ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩና በስሜ ጠራኝ። ስለ ልጆቻችን አወራን፣ ስለ ዳዊት አወራን። ከዚያ ድልድዩ ጋ መኪና ተጨናንቆ ቆመን ሳለ ስለ እትዬ አስካለ ተነሣ፤ ማን እንዳነሣው አላስታውስም።

«እኔ እኮ በማግስቱ ለአባቴ ነገርኩት» አለኝ ፊት ለፊቱን እያየ። «እጄን ይዞ ወሰደኝ። ‹ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ነኝ› አልኳቸው። ያን ቀን የሽንቴ ነገር…» ብሎ ሳቀ። «እትዬ አስካለ አቅፈውኝ አለቀሱ። አባቴ ከዚያ በኋላ እኔን ሳይናገረኝ ዘይትና ዱቄት ይልክላቸው ነበር።»

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር አለ። እኔና ጋሽ ቸርነት እዚያ ቤት ስንገባ እትዬ አስካለ ልጆች መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ አንደኛው መጥቶ ጥፋቱን ነግሯቸዋል። «ልጅ ጥሎ አይሄድም» ያሉት ሳያውቁ አልነበረም። በር እየከፈቱልኝ ነበር።

«ስለ እኔስ?» አልኩት።

«ስለ አንቺ አልተናገርኩም። አባቴ ‹የራስህን ብቻ ተናገር› ብሎኝ ነበር።» ከዚያ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከመውረዴ በፊት «ብርቄ ወሰን ልብስ ስፌት አላት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምትሰፋው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ለመሄድ አራት ወር ፈጀብኝ። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰማያዊና ቡናማ ዩኒፎርሞች ተሰቅለዋል። ከሩቅ አውቃኝ ነበር መሰለኝ፣ ስገባ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ያንን በልቤ ያጠናሁትን ሁለት ቃል ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ዘግይቼ ተናገርኩት። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ያን ቀን። ሹራቡም የእኔ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ጨርቁን በጣቷ ስታስተካክል ቆየች።

«እናቴ አርፋለች» አለችኝ። «አንቺን ትጠብቅሽ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያህል። ‹ያቺ ልጅ ትመጣለች› ትል ነበር። ከዚያ መጠበቁን ተወችው።»

ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ዩኒፎርሞች አየሁ።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ እመታሽ ነበር» አለች። ንዴት የለባትም፤ ነገሩን ብዙ ጊዜ ያሰበ ሰው ድምፅ ነው። «ፀጉርሽን ይዤ እመታሽ ነበር። ከዚያ ደግሞ እንታረቅ ነበር፣ ልጆች ነና። አሁን ምን ላድርግሽ? አንቺም ትልቅ ሰው ነሽ፣ እኔም ትልቅ ሰው ነኝ።»

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች። ብርቄ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የልጁን ትከሻ መለካት ጀመረች። ልወጣ ስል ወደ እኔ ሳትዞር «ልጅ ካለሽ ዩኒፎርሙን እዚህ አሰፊ» አለችኝ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። በየዓመቱ ክረምት ሲያልቅ ይዣት እሄዳለሁ። ብርቄ ቁመቷን ትለካለች፣ ስለ ትምህርቷ ትጠይቃታለች፣ ሒሳብ እንድትወድ ትመክራታለች። ስለዚያ ቀን ደግመን ተነጋግረን አናውቅም። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ልጠይቃትም መብት ያለኝ አይመስለኝም።

ልጄ አንዳንድ ጊዜ የድሮ ወሬ እንዳወራላት ትፈልጋለች። ስለ ጋሽ ቸርነት ነግሬያታለሁ፤ ስለ ፍሙ፣ ስለ ነብሩ ጅራት። ይህንን ግን ገና አልነገርኳትም፤ እነግራታለሁ፣ ከነመጨረሻው። ሰዎች ስለ ደፈጣ ሲነሣ ሞቱንና ድሉን ያወራሉ። እኔ ዘንድ የቀረው ሌላ ነው። አድፍጦ የጠበቀ ሰው የሌላውን ፊት፣ ሰው እያየኝ ነው ብሎ በማያስብበት ሰዓት ይሰርቀዋል፤ የሰረቁት ፊት ደግሞ መመለሻ የለውም። በተለይ ባለቤቱ ሲጠብቅ ቆይቶ ከሄደ በኋላ።

አሁንም የምኖረው የካ ነው፤ ከሥራ ስመለስ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። መሸት ሲል ከፊቴ ለብቻው የሚሄድ ሰው ካለ፣ በተለይ ዕቃ የተሸከመ ከሆነ፣ ገና ከሩቅ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ጫማዬን ጠጠሩ ላይ እጎትታለሁ። ዞር ብሎ ያየኛል። ፊቴን አይቶ እስኪጨርስ እቆማለሁ፤ «እንደምን አመሹ» እላለሁ፣ ከዚያ አልፋለሁ።